የዲንቂቱ ስልክ

ጭነት መኪና ቀን ከሌሊት የሚፈጅበትን፣ የሚሌን መንገድ፣
ወሬው በሩብ ሰዓት ጨርሶት ገባ፤
አቧራ ሳይነካው፣ አዋሽ ኬላ ላይ ሳይታገድ።
እኔ ሱቄ ነበርኩ፣ አዳማ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣
የተሰነጠቀ ስክሪን አንስቼ ሙጫ ስቀባ።

ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ገመቹ ነው፤ ተሳቢው ፊት ቆሞ፣ እየሳቀ፤
ከጎኑ ሻማ ይነዳል፣ ሰም ያላፈሰሰ፣ ያላለቀ።
ከሥሩ «ነፍስ ይማር»።
ከዚያማ ማን ያቆመዋል፤ የሾፌሩ ግሩፕ ለሰፈሩ፣ የሰፈሩ ለዘመዱ፣
ያዘኑትም ያላዘኑትም ያንኑ የተጣመረ መዳፍ ሲሰዱ።
እኔም ላክሁ። ምን ልዋሽ። ጣቴ ቀደመኝ፤
ግሩፑ ውስጥ ማን ማን እንዳለ ያኔ ትዝ አላለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የእድራችን ዳኛ፣ ጋሽ ወርዶፋ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሙ፤
«ድሮ መርዶ እግር ነበረው» አሉ፣ በከዘራቸው ወለሉን እየጠቆሙ፤
«ማታ ተጠራርተን፣ ቃሉን ተማክረን፣ ጎህ ሲቀድ የምናንኳኳ፤
አሁን መቀነቷ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል።
ሂድና ስልኳን አምጣ። ዋሽተህም ቢሆን። ለዛሬ ሌሊት እንኳ
የልጅ እናት ሆና ትደር።»

ሄድኩ። አስራ ሁለት ሰዓት። ንፋሱ ፌስታል ያበራል፤
ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ የተርባይኑ ክንፍ ይዞራል
ምንም እንዳልሰማ፣ ምንም እንዳልሆነ።
«እትዬ ዲንቂቱ፣ ሲምዎ ሊዘጋ ነው፣ ምዝገባው ስላልተከናወነ፤
እስከ ነገ ልውሰደው።» ድምፄ እንደ ሌባ ድምፅ ቀጠነ።

ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ ረዘም አድርጋ፤
ስልኩን ከመቀነቷ ፈታች፣ መስታወቱን በነጠላዋ ጠርጋ፤
«ቻርጁ አልቋል፤ አንተ ዘንድ ይደር።» ሌላ ቃል አልወጣትም፤
ምስሯን ቀጠለች።
አንዲት ጠጠር አላለፈቻትም።

ሌሊት፣ ሱቅ ዘግቼ፣ ቻርጀር ሰካሁበት። ነፍስ ዘራ፤ ዘርቶም አላረፈ፤
«ነፍስ ይማር» ከሻሸመኔ፣ «ነፍስ ይማር» ከዱባይ፣
አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰለፈ።
አርባ አንድ። ሁሉም ያልተከፈቱ፣
ሻማው ካለበት በስተቀር፤ አስር ሰዓት ላይ ከገባው።
ላኪው፦ እኔ።
መልስ መጻፊያው ላይ፣ ያልተላከ፣ ያልተጨረሰ፣ ሁለት ፊደል፦ «ውሸ»።

ቻርጁ እስኪያልቅ አይታዋለች።
ማን እንደላከው እያወቀች ነው ጠርጋ እጄ ላይ ያኖረችው።

ሰባት ሰዓት ግድም ሌላ መልእክት መጣች። የገመቹ። የድምፅ። አስራ አራት ሰከንድ።
ምድረ በዳው ላይ ኔትወርክ አጥታ የቆመች፣
ረዳቱ ኪስ ውስጥ፣ የሟቹ ስልክ አዋሽ ሲገባ፣ የተለቀቀች።
አልከፈትኳትም።
ጆሮዬን ግን ስልኩ ላይ ለጥፌ አደርኩ፣ እንደ ሞኝ።

ጎህ ሲቀድ፣ አስራ ሦስት ሆነን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣
በሹክሹክታ «አንተ ቅደም፣ አንተ» እየተባባልን፣ ደጇ ደረስን።
ግቢው ተጠርጓል። አግዳሚው ግድግዳ ታኮ ተደርድሯል።
በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ።
«ምነው በማለዳ? ደህና ናችሁ?» አለች፣ ምንም እንዳልሰማች ሁሉ፤
ጋሽ ወርዶፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ያንን የቆየ ቃል፣
«እግዜር የሰጠውን…» ሲሉ
አላቋረጠቻቸውም።
እስኪጨርሱ ቆመች፤ ዕቃ እንደሚያቀብሏት ሁሉ
ሁለት እጇን ዘርግታ።
ያኔ ነው የጮኸችው።
እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ፤
እሷ ግን፣ በጩኸቷ መሃል፣ አንድ ጊዜ ፈልጋ አገኘችኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ስልኩን መለስኩላት፤
«ተመዘገበ?» አለችኝ። «ተመዘገበ» አልኳት።
ገልብጣ አየችው። የልጇ መልእክት ላይ ሰማያዊዋ ነጥብ አልጠፋችም።
«ልክፈትልዎት?»
«ተው» አለች፤ «ገና መንገድ ላይ ናት። አልደረሰችም።»