ለብቻ

ከአስፋልቱ ማብቂያ፣ ኮዬ ፈጬ ሜዳ፣
ብሎክ ሰማንያ ሦስት፣ ምድር ቤት ጓዳ፣
ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ አለኝ፣
አንዱ በፕላስተር የታሰረ፣ ወደ ግራ ብቻ የሚታዘዘኝ።
ክረምት ሲሆን ጥቁሩ ጭቃ ከልጆቹ ጫማ ጋር ይገባል፣
ሳይከፍል ይቀመጣል።
አንድ ጨዋታ ዐሥር ብር፤ የተሸነፈ ይከፍላል፤
የቀረውን ደብተሬ ያውቃል።

አንድ ቀን ኦብሳ መጣ፣ ከትምህርት ቤት በቀጥታ፣
ቦርሳውን ሳያወርድ፣ "ጋሼ፣ ያ ጨዋታ!"
"የቱ?"
"ባሕር ሥር ከተማ ያለው። ልጅቷ ፋኖስ ይዛ የምትወርድበት።"
"እኔ ጋ የለም" አልኩት። "ይሄ ጥቁር ሳጥን አያነበውም፤
ለነጩ ብቻ ነው የተፈቀደለት።"

ኦብሳ ዝም አለ። ልጅ ዝም ሲል ገበያ ሲሄድ ይሰማል።
ቦርሳው ጀርባው ላይ እንዳለ ወጣ፤ ይሄኔ ሸምሱ ቤት ይደርሳል።
ሸምሱ ከመንገዱ ማዶ ነው፣ ብሎክ ዘጠና አንድ፣
ነጩ ሳጥን ያለው፣
ቅዳሜ ሰልፉ እንደ ዳቦ ሰልፍ ደጁን አልፎ የሚሄድ።

ያን ሌሊት ከደብተሬ ጋር አመሸን፣ ሁለታችን።
ባለሳጥኑ ለአሳታሚው ጠቀም ያለ ብር ይሰጠዋል፤
"ለእኔ ብቻ አውጣልኝ፣ ለኪሳራህ እኔ አለሁ" ይለዋል።
አሳታሚውም ሦስት ዓመት ሙሉ ደመወዝ የከፈለ ሰው ነው፣
ይሸጥ አይሸጥ የማያውቅ፤
ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ ምን ቢሉት እንቅልፍ ነው።
እኔስ ብሆን?
የስድስት ወር ኪራዬን አንድ ሰው ቀድሞ ቢከፍልልኝ፣
"የራስህን ብሎክ ልጆች ብቻ አስገባ" ቢለኝ፣
እምቢ እላለሁ?
አልልም። ደብተሬ ምስክሬ ነው፣ አልልም።
ግን በሩን የዘጋ ሰው የገባውን እንጂ
የተመለሰውን አይቆጥርም።

ዕቁቤ በመስከረም ደረሰኝ።
ፈትለወርቅ "ፍሪጅ" ያለችውን እኔ በሳጥን ለወጥኩት፤
መገናኛ ወርጄ ነጩን፣ ያገለገለውን፣ ተከራክሬ ገዛሁት።
ስለ አንዲት ጨዋታ! ስለ አንዲት ፋኖስ!
ስለ አንዲት ቁልፍ ቤት እንደሚገዛ ሰው፣
ሳጥኑን ታቅፌ፣ ቆሜ፣ በአውቶቡስ።

ሁለት ወር ሠራልኝ፣ ሐሰት አልናገርም።
ኦብሳ ተመለሰ፤ ጓደኞቹም፣ የጓደኞቹ ጓደኞችም።
ፈትለወርቅም ስለ ፍሪጁ ዝም አለች፣
ሙሉ በሙሉ ባይሆንም።

ኅዳር ላይ ወሬ መጣ። ያቺው ልጅ፣ ያቺው ፋኖስ፣
ለጥቁሩም ወጣች፣ ለኮምፒውተርም፣ ለሁሉም፣
ያለ አዋጅ፣ ያለ ድግስ።
ለካ "ብቻ" በእነሱ ቋንቋ "ለጊዜው" ማለት ኖሯል፤
አንዴ አጥሩ ይሸጣል፣ አንዴ የአጥሩ መፍረስ፤
ከአንድ ማሳ ሁለቴ ይበላል።
ብልጠት ነው? ሳይሆን አይቀርም። ግን እስከ መጨረሻው አላመንኩበትም፤
ስንቱ ሲጠብቅ ረስቷት ይሆናል፣
የረሳ ሰው ደግሞ ደብተር ላይ አይገኝም።
"ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም" ይል ነበር አባቴ፤
"የሚያጨበጭብለትም" የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣
በዚህች ጠባብ ቤቴ።

ትናንት ሸምሱ መጣ። ሰላምታው አጭር ነበር። ደጄ ላይ ቆመ።
"መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ነጩ ተቃጠለብኝ" አለ፣
"ልጆቹ ጥቁሩን አልለመዱትም፤ የአንተን ቅዳሜ ቅዳሜ አከራየኝ"፣
ብሎም ዝም አለ፣ ደከመ።
ነጩ እንግዲህ በሰፈሩ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።
ቃሏን በምላሴ አዞርኳት፦ ብቻ።
ትጣፍጣለች። እንዲህ ትጣፍጣለች ብሎ የነገረኝ አልነበረም።
ኦብሳ ከወንበሩ፣ ዐይኑን ከባሕሩ ሳያነሳ፣
"ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ግን ለምን ሁልጊዜ ብቻዋን ትወርዳለች?" አለኝ።
አልመለስኩለትም።

ደብተሬን ገለጥኩ፣ "ሸምሱ" ብዬ ጻፍኩ፣ ስሙን አስረዝሜ፤
ዋጋውን ግን እስካሁን አልሞላሁትም።
ነገ ነው ቅዳሜ።