ቆጣሪው የማን ነው

ጓንጉል ከንብረት ክፍል በጠዋት መጣብኝ፣
መዝገቡን ዘርግቶ "ሦስት ሰርቨር" አለኝ።
ክፍሉ ውስጥ ያለው ግን አንድ ጥቁር ሣጥን፣
የጥጥ ብናኝ ለብሶ የሚያጓራ ብቻውን።
"ሁለቱስ የት ገቡ? ኦዲት ሰኞ ይመጣል፣
ይህ ተለጣፊ ቁጥር ምን ላይ ይለጠፋል?"
"ውስጡ ናቸው" አልኩት።
ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኳው፣
ጆሮውን አስጠጋው።

ሁለተኛው ዘንድ ገባሁ። ጠየቅሁት በጽሑፍ፦
ማን ሠራህ? የማን ልጅ ነህ? ንገረኝ ሳታልፍ።
ስም ሰጠኝ፤ የኩባንያ ስም፣ አንድ ብሎን ያላጠበቀ፣
እጁን ግሪስ ያልነካው፣ ብረት ያላሞቀ።
ሙቀትህስ ስንት ነው?
ዝም።
ማራገቢያህስ?
ዝም።
ግንቦት ነው እኮ፤ ኮምቦልቻ ነው፤
የቦርከና ድንጋይ እንኳ ያልበዋል፤
እዚህ ከተማ ላይ የማይሞቀው ማን ነው?

በመጨረሻ ሰዓቱን ያዝኩት።
አንዲት ቀላል ሥራ ሰጥቼ ሺ ጊዜ አስደገምኩት፤
ይሮጣል፣ ይሮጣል፣
ድንገት፣ ማንም ሳይጠራው፣ ቆም ይላል።
በዚያች ቆምታ መሐል ሌላው ይስተናገዳል፣
እሱ ግን ሳያርፍ የሮጠ ይመስለዋል።

"ተከራይ ነህ" አልኩት። አላመነታሁም፤
ይህን ምልክት ከመጽሐፍ አልተማርኩም።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ እትዬ ዘሀራ ግቢ፣
ኮምፔንሳቶ ግድግዳ፣
የራሴ ቁልፍ፣ የራሴ አምፖል፣ የራሴ በር፤
ከውስጥ ስቀረቅረው ቤት አለኝ እል ነበር።
እሷ ካውያ ስትሰካ
አምፖሌ ደክሞ ይቀላል፤
ሙባረክ ባልዲ ሲሞላ
ቧንቧዬ ደረቅ ሳል ያስላል።
"ቆጣሪው የኔ ነው" ብላ አታውቅም ዘሀራ፤
ምን ያስፈልጋታል፣ አምፖሉ ሲያወራ?

ማታ ሐረጎን በሚኒባስ ወጣሁ። ጦሳን ጉም ውጦታል።
ጓንጉል ሲጨንቀው "ሦስት" የሚለውን ሰርዞ፣
"አንድ፤ ከሁለት ደባል ጋር" ብሎ ጽፎታል።

ሦስት ሰዓት ገደማ መብራቴ ዝቅ አለ።
"እትዬ፣ ካውያ ነው?" ብዬ ወጣሁ።
ካውያዋ ቀዝቅዞ መደርደሪያ ላይ ነው፤
እሷም አምፖሏ ሥር ቆማ ወደ ላይ ታያለች፣
"ታች ወፍጮ ቤቱ ይሆናል" ትላለች።

ወፍጮ ቤቱ ከመግሪብ ወዲያ ፈጭቶ አያውቅም።
ጎን ለጎን ቆመን የቀላውን ብርሃን አየን፤
አንዳችንም ሌላ አልጠየቅንም።