ድምፄ

ቅዳሜ ሜዳ ላይ ጮኼ ድምፄ አለቀ፤
እሑድ ጉባኤ ላይ ድምፄ ተጠየቀ።

ጅማ፣ ቆጪ ሠፈር፣ ተቀምጠናል ታጥፈን፣
በሃያ ብር መዋጮ ወራጅ ቀጠና አልፈን፣
ባለቤቶቹ እኛ፣ በተማሪ ዴስክ ላይ፣
ዝናቡ ሲያወራ ከቆርቆሮው በላይ።

«ቦርዱ እንዳየው» አሉ ሰብሳቢው አቶ ተማም፣
«ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ከዘመን አይስማማም።
ባለሀብት ይግባ፤ ድምፅም በብር ይሁን፤
አውቶቡስ ይመጣል። እናጨብጭብ አሁን!»

ቤቱ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፣
ጎል የገባ መስሎኝ፣ ወይ ስላላሰብሁ።

ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ሊጽፍ
ጸሐፊው ሲያጎነብስ፣ ከመጨረሻው ረድፍ
በረኪና የላጠው እጇን ከፍ አድርጋ
ማልያ አጣቢዋ ዘይቱና፦ «ቢመሽ ቢነጋ
ጭብጨባ አይቆጠርም። እጅ ይቆጠር!» አለች።

ዘጠና ለዘጠና። ቆጣሪው አለ፦ «አቻ።»
ያልተነሣ አንድ እጅ፣ የኔ፣ ኪሴ ውስጥ ብቻ።
አቶ ተማም አዩኝ — የቤት አከራዬ፣
የሁለት ወር ዕዳ — ተዘጋ ጉሮሮዬ።

ከውጭ አወይቱ ሞልቶ ድምፁን አወጣ፤
እጄ፣ ላብ ያራሰው ደረሰኝ ይዞ፣ ወጣ።