ማነህ አንተ?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ተንደር ቤይ፣ የካቲት፤
ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ በወይዘሮ አይላ ሞቴል ቤት፣
ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ራሱን አበራ፤
«አፕዴቱ ተጠናቋል» አለኝ፣ ኮራ ብሎ በሥራ።

ብራውዘሩን ከፈትኩ። ትናንት የሚያውቀኝ፣
ጣቴን ሳልዘረጋ በሩን የሚከፍትልኝ፣
እንደ አዲስ ዘበኛ ደረቱን ነፍቶ፣
ሁለት ባዶ መስመር ፊቴ ላይ ዘርግቶ፣
«ማነህ አንተ?» አለ።
ንጋቱ እባላለሁ፣ ደረቴ ላይ አለ፤
የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ይህም ቀልድ ካልተባለ።

ይኸው ሦስተኛው ነው። ኅዳር ላይ አርጎታል፣
ጥር አጋማሽ ላይም እንዲሁ ክዶኛል፤
አፕዴት ባደረ ቁጥር እሱ አዲስ ይወለዳል፣
እኔን በገዛ ወንበሬ እንግዳ ያደርገኛል።

በሩ ተከፈተ፤ ንፋሱ ቀድሞ ገባ፣
ቀጥሎ ረኔ ቡሻር፣ የጭነት መኪና ነጂ፣
ጢሙ ላይ አመዳይ፣ ዓይኑ ላይ የብርድ እንባ።
«ዋዋ ላይ ሆኜ በስልኬ ክፍል ይዣለሁ፣ ከፍያለሁ፤
አልጋ አሳየኝ እንጂ!»

መያዙን የሚያውቀው ገጹ፣ ገጹን የሚከፍተው ፓስወርድ፣
ፓስወርዱን የሚያውቀው ይሄ የከዳኝ ጉድ።
ሁለቱንም ጊዜ መልሳ የሞላችው ወይዘሮ አይላ ናት፤
ትናንት ዳሌዋን አስቀይራ ሆስፒታል ተኝታለች፣
ማን ደፍሮ ይቀስቅሳት?

ከግድግዳው ላይ ቁልፍ አሥራ አራትን ነቀልኩ፤
«ሂድ ተኛ፣ ወረቀቱ ነገ ይደርሳል» አልኩ።
ሃያ ሁለት የናስ ቁልፍ ከጀርባዬ በሚስማር ተሰቅሏል፣
አንዱ እንኳ ማነህ ሳይለኝ ዘመን አስቆጥሯል።

ከቦት ጫማው የረገፈው በረዶ ምንጣፉ ላይ ቀልጦ
ትንሽ ሱፒሪየር ሐይቅ ሠራ።
እኔም ገባሁ ወደ ምርመራ።

ዕቃ የጠፋበት እናቱን ይጠረጥራል፤
እኔ በኩኪው ጀመርኩ።
ስዘጋው የሚሰርዝ መስሎኝ ቅንብሩን በረበርኩ፤
ንጹሕ ነው። ወደ ጽዳት ፕሮግራሙ ዞርኩ፣
አምና የጫንኩት እኔው፣ ቆሻሻ ይጥረግ ብዬ፤
«ከሰኞ ወዲህ አልተነሳሁም» የሚል መዝገብ አሳየኝ፣
አፈርኩ በጥርጣሬዬ።
ጸረ ቫይረሱን አጠፋሁ። ምንም።
ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ ይህቺ የሁላችንም
የመጨረሻ ጸሎት።
ምንም።

አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ከእልህ ይሁን ከድካም፣
«ፕሮፋይል» የሚል ዝርዝር፣ ነክቼው የማላውቀውን፣ ከፈትኩ።
አራት ናቸው።
አንድ እናት የወለደቻቸው፣ ስማቸው አንድ፣
ጅራታቸው ላይ በጥቂት ፊደል ብቻ የሚለዩ፤
አንዱ የኅዳር፣ አንዱ የጥር፣
አንዱ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት የተወለደ፣ ገና ዓይኑን ያልገለጠ፣
አራተኛው የወፈረ፣ ዓመታት የተሸከመ፣
ከባሕረ ሰላጤው ማዶ እንደተጋደመው ግዙፍ ዐለት
ዝም ብሎ የተኛ።

ለካ አልረሳኝም።
አፕዴቱ በመጣ ቁጥር አዲስ ክፍል ሠርቶ
ወደዚያ ይመራኛል፣ መብራቱን አብርቶ፤
እኔ ሰው ያልኖረበት ቤት ዘው ብዬ ገብቼ
ካፖርቴ የታለ እላለሁ፣ ሌባ ሌባ ብዬ ጮኼ።

የጥንቱን መረጥኩ፤ «ሁሌም ይሄን ክፈት» አልኩ።
ሳይጠይቀኝ አስገባኝ።
የመጀመሪያው መስመር፦ ቡሻር፣ ረኔ። አንድ ሌሊት። ተከፍሏል።
ክፍል ዘጠኝ።

ዘጠኝ!
ሰውዬው አሥራ አራት ውስጥ ነው፣ ማሞቂያው እያንኳኳበት።
ልቀስቅሰው ብዬ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄድኩ፤
በበሩ ሥር ማንኮራፋቱ ይሰማል፣ ምንም ያልጎደለበት።
ተመልሼ መዝገቡን አረምኩ፣ ሰውየውን ተውኩት።

ለወይዘሮ አይላ ጽፌ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩ፦
«ማነሽ ቢልሽ አትቆጪ።
መጀመሪያ የትኛው ክፍል እንደገባሽ እዪ።»
ውጭ፣ በረዶ ጠራጊው መኪና እያጓራ አለፈ፣
ከመንገዱ የጠረገውን ሁሉ
በራችን ላይ ከምሮ።