የዓሣው ሰውዬ

ካያኒ የምትባል ፊንላንድ ውስጥ ያለች፣
ወረቀት ፋብሪካው ሲዘጋ ድምጿ የጠፋች
አንዲት ከተማ አለች።
አውሊስ የሚኖረው እዚያ ነው፣ ሐይቁ ዳር፤
የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን የነበር፣
ቃል እንደ ደመወዝ ቆጥቦ የሚናገር።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሥራ በፈታበት ክረምት፣
ኩሽናው ውስጥ ተቀምጦ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት፣
ቀን የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፈ። ትንሽ ነገር፤
ፌብሩዋሪ መቼ አንድ ቀን እንደምትጨምር፣
በየትኛው እሑድ ሰዓት እንደሚቀየር።
አልሸጠውም። «ውሰዱ» ብሎ ደጅ አኖረው፤
እንደ ምንጭ ውኃ ነው፣ ያገኘ ቀዳው።
የባንኩ መዝገብ፣ የባቡሩ ሰሌዳ፣
አውሮፕላን ማረፊያው ሳይቀር፣ ካገር እስከ ባዳ፣
ባንድ ሽማግሌ ጣት ቆጠረ፤ ማን ከፍሎ ዕዳ።

አንድ ማክሰኞ ሌሊት ቀዳዳ ተገኘበት።
«ሌባ ይገባበታል» ተባለ፤ ዜናው እሳት ሆነበት።
ካርድ አልሠራ አለ፣ በረራ ተሰረዘ፤
ዓለም ስሙን ሰምቶ የማያውቀውን ሰው ያዘ።

«እንዴት ይህ ሁሉ ባንድ ትከሻ ይጫናል?»
«ስንፍና ነው! እኔ ብሆን ባንድ ሌሊት ያልቃል።»
«አሮጌው ይጣል፣ በአዲስ ቋንቋ ይጻፋል!»
«ስንት ነበር የሚከፈለው?»
«ምንም።»
«ምንም? ታዲያ ማን ጻፍ አለው?»
ሳኦ ፓውሎ ያለ፣ ሴኡል፣ ክራኮው ያለ፣
ባላነበበው መስመር ላይ ሲፈርድ ዋለ።

ከዚያ ፎቶው ወጣ። ያለው አንድ ፎቶ ነው፦
ኮፍያው ወደ ጆሮው አዘንብሎ፣ ጀልባ ላይ ቆሞ፣
ክንዱን የሚያህል ዓሣ ታቅፎ።
ዓሣው አፉን ከፍቷል። እሱ ዘግቷል።

በቃ።
በሁለት ሰዓት ውስጥ ዓሣው ዘውድ ደፋ፣
ጨረቃ ላይ ወጣ፣ ፓርላማ ገባ፣
ሽማግሌውን በመንጠቆ አንጠልጥሎ
ኮድ ሲጽፍ ታየ፣ መነጽር አጥልቆ።
ካናቴራ ሆነ፣ ባሥራ ዘጠኝ ዶላር ተቸበቸበ፤
ስለ ዝርያው ሊቅ በቅሎ ሊቁን ሊቅ ሰደበ።
ዓሣ ጎርጓሪው በዛ፤
ዘንዶው ግን የለም፤ ማንም አላየውም፤
ደህና ነህ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

እሱማ ሆስፒታል ተኝቷል፤
ደረቱ ላይ ገመድ ተለጥፏል።
ከራሱ በላይ ያለው ማሽን ልቡን ይቆጥራል፤
ቀኑንም፣ ማን ያውቃል፣ በሱ መስመር ይጽፋል።

የጎረቤት ልጅ ቬንላ፣ ደጁን በረዶ ስትጠርግ፣
ስልኳ ላይ ዓሣውን አየች። ሳቀች።
ከዚያ ኮፍያውን አወቀች።
አካፋዋን በረዶው ላይ ተከለች፤
ቆማ ቀረች።

በአራተኛው ቀን አዲስ ስልክ ወጣ፣
እንደ ነጠላ የሚታጠፍ። ሕዝቡ ወደዚያ ነጎደ፤
«ይሰበራል!» «አይሰበርም!» ሲል ማገደ።
ዓሣው ገማ።

ዓርብ ተመለሰ። ጫማውን አወለቀ፣ ምድጃ ለኮሰ።
አራት ሺህ መልእክት። ስድቡን ዘለለ፣
ሙገሳውንም ዘለለ።
«የዓሣው ስም ማን ነው?» የሚል ልጅ ነበር፣ ከፓራጓይ፤
ለሱ ብቻ መለሰ፦
«ስም አላወጣሁለትም። በላሁት። ይጥም ነበር።»

ቀዳዳው አንዲት ምልክት ነበረች፣
ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ የተቀመጠች።
ደፈናት። ከሥሯም ጻፈ፦
«ተስተካክሏል። ይቅርታ፣ ልብ አላልኩም፤
ልቤ ታሞ ነበር።»
ያነበበው ሰባት ሰው ነው።

ከዚያው ፕሮግራም ግርጌ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ
ማንም ያልጠቀሳት አንዲት መስመር አለች።
ዱሮ አንድ የማያውቀው ሰው፣ «በኛ ዘንድ
ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነው፤
የመጨረሻዋ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ስድስት»
ብሎ ቢጽፍለት፣
ለምን ሳይል፣ ሳይስቅበት፣
ቁጭ ብሎ ያስገባት።

ጳጉሜ ናት።

አገሩን በካርታ እንኳ ፈልጎ አያውቅም፤
ግን ቀን አላጎደለብንም።