አረፍን ካልን በኋላ

ቅጹ ይጠይቀኛል፦ «ሲነሣ ወይስ ሲያርፍ ነው?»
ከሁለቱም አይደለም፤ መልሴ ሣጥን የለው።
ካረፍን በኋላ ነው፤ ትከሻዬ ከላላ፣
የሸሚዜን አንገት ከፍቼ እፎይ ካልኩ በኋላ።

የባሬንትስ ንፋስ ክንፉን ሲያላጋ ውሎ፣
እኔ ቀኝ ስል እሱ ግራ ብሎ፣
ሦስቱ አረንጓዴ መብራቶች እንደ ወጉ በርተው፣
ጎማው መሬት ይዞ፣ ከኋላዬ ዘጠኙም ሰው
«አረፍን» ብሎ ከተነፈሰ በኋላ።

ከዚያ በሰው ርምጃ፣ ባለ ከዘራ በሚቀድመን ዝግታ፣
ወደ ቀዩዋ ጣቢያ፣ በታኅሣሥ፣ በእኩለ ቀን ማታ፣
ውሃ ባቆረ አስፋልት ላይ ስንሄድ
ቀኝ ጎናችን፣ ደረጃ እንደ ሳተ ሰው፣
ወረደ።

መጀመሪያ አልጮኸም። በትሕትና፣
እጅ እንደሚነሣ ሎሌ ጎንበስ አለና
ቀጥሎ ፕሮፔለሩ አስፋልቱን አገኘው።
ድምፁ ያኔ መጣ፤
መዶሻ ያልሆነ፣ መጋዝም ያልሆነ፣
እስከ ዛሬ ከጥርሴ ሥር ያልወጣ።

«ያን ጊዜ ምን አሰብሽ?» ይሉኛል።
አላሰብኩም። ያሰበው እጄ ነው።
ቀኙን ሞተር ዘጋ፤ ግራውን ዘጋ፤
ነዳጁን ቆረጠ፤ ባትሪውን አጠፋ።
በየስድስት ወሩ፣ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ በውሸት እሳት
ሃያ ዓመት የተቀጣ እጅ ነው፤ እኔን ሳያማክር ሥራውን ጨረሳት።

አፌ ግን ወደ ኋላ ቀረ።
ያን ሁሉ መጽሐፍ የሸመደደ አፍ
ለማማው የነገረው፦ «እግራችን ታጠፈ»፣
ኳስ ሜዳ ላይ እንደ ወደቀ ሕፃን።

ዝምታ። ነዳጅ ሸተተኝ፣ ወይም የሸተተኝ መሰለኝ።
«በግራ በር! ሁላችሁም በግራ! ሻንጣ ተዉ!»
ቀኙ ክንፍ ተኝቷል፤ ግራው በር ሰማይ ሰማይ ያያል፤
የሁልጊዜዋ አጭር መውረጃ ዛሬ ገደል መስላለች።
ኒላስ፣ ባለ አጋዘኑ፣ የካርቶን ሣጥን አቅፎ ቆመ።
«ተው አልኩህ!»
«ሻንጣ ነው ተዉ ያልሽው፤ ይሄ ጫማ ነው።»
ከነጫማው ዘለለ።
ቦርግሂልድ፣ ለኩላሊት እጥበት ሄዳ የምትመለሰው፣
በሩ ላይ ፊቴን አየችና ጉንጬን ዳሰሰችው።
አይዞሽ ማለት የነበረብኝ እኔ፣
«አይዞሽ» አለችኝ እሷ ለእኔ።

ሃልቫርድ፣ ሻንጣ ጫኙም በረዶ ጠራጊውም እሳት አጥፊውም እሱ ብቻ፣
ግማሽ ዳቦ በጉንጩ፣ አረፋ እየረጨ ደረሰ በሩጫ።

ንፋሱ ውስጥ ቆሜ ቆጠርኩ፤ ስምንት።
ደግሜ ቆጠርኩ፤ ስምንት።
ልቤ የወደቀው ገና ያኔ ነው።
አውሮፕላኑን ዞሬ ልሮጥ ስል ክንዴ ያዘኝ፤
ለካ ቦርግሂልድ ክንዴን ሳትለቅ ቆማለች።
አጠገቡ ያለውን ሰው ዓይን አይቆጥርም።

ማታ ኦይስታይን፣ መካኒኩ፣ ሆዱ ሥር ገብቶ
አንዲት ብረት አመጣልኝ፣ ቅባቷን በጨርቅ ጠርጎ።
ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። ውስጧ ስንጥቅ አለ፣
የጤፍ ቅንጣት እንኳ የማያስገባ።
ስንቱን በረዶ፣ ስንቱን ጎርባጣ ሜዳ
በእሷ ተማምነን እንዳረፍን አሰብኩና
ብረቷን መለስኩለት።
«ጉልበቱ ነው የከዳው» አለኝ።
የእኔም ከድቶኝ ነበር፤ ሁሉም ከወረዱ በኋላ፣
ከሃልቫርድ መኪና ጀርባ፣ ማንም በማያየኝ ቦታ።
እሱን ቅጹ ላይ አልጻፍኩም።

«ሌላ» በምትለው ጠባብ መስመር ላይ ሦስት ቃል አኖርኩ፦
አረፍን ካልን በኋላ።

በሦስተኛው ሳምንት ቦርግሂልድ ተመልሳ ተሳፈረች፣
በሌላ አውሮፕላን፣ ከወንበሬ ጀርባ።
ጎማው አስፋልቱን ሲነካ ጣቷን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ
«አረፍን?» አለችኝ።
«ገና ነን» አልኳት።
መስኮቱ ውጭ ሃልቫርድ፣ በአንድ እጁ ዳቦ፣ በሌላው የጎማ ሽብልቅ ይዞ
ሳይቸኩል ወደ እኛ ይመጣል።