ከነሞቱት

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤ ማቶዚኞሽ ተኝቷል፣
ከውቅያኖስ ጭጋግ በደረቱ ስቦ ወጥቷል።
ከመስኮቴ ማዶ ክሬኑ ጎንበስ ቀና ይላል፣
ብረት ሣጥን አንስቶ ብረት ሣጥን ላይ ይጥላል።
ከመስኮቱ ወዲህ እኔም ሣጥን እጠብቃለሁ፤
ክብደት የለው፣ ቀለም የለው፣ ሲወድቅ ግን እጠራለሁ።

ስልኩ ጮኸ፣ ቤልሚሮ። ከዓሣው ጨረታ ቤት
ዜፈሪኖ ነው፣ ድምፁን ጨው የበላው፤
"ሰሌዳው ጠፋብኝ! ጀልባው ደርሷል፣ ሰርዲን ሞልቷል፣
ዋጋው ያልተጻፈ ዓሣ ማን ገዝቶ ያውቃል?"
"መጣሁ" አልኩት፣ ከወንበሬ ሳልነሳ፤
የኛ መንገድ በጣት ነው፣ አቧራ አያስነሳ።

ጥቁሩ ስክሪን ላይ ያንን አጭር ትእዛዝ ጻፍኩ፤
ዶከር፣ ክፍት ቦታ፣ ፒ-ኤስ። ጠበቅኩ።
ዐሥራ አንድ መስመር ወጣ፣ ዐሥራ አንድ ጤነኛ፣
"ሦስት ሳምንት ቆሟል"፣ "አርባ ቀን ቆሟል"፤ አንድም የለው በሽተኛ።
ሁሉም ቆሟል ይላል።
ሰሌዳውም ቆሟል።
አለሁ ባይ በበዛበት የጎደለው መች ይሰማል?

ያኔ ትዝ አለኝ ያልከኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንቴ፣
ወይራ እየበላህ ፍሬውን በመዳፍህ ስትቆጥር፦
"ይኼ ትእዛዝ አድር ባይ ነው፣ ዴኦሊንዳ፤
በእግሩ ካለው ጋር ይቆማል፣ የወደቀ አያውቅም።
የወደቀ ስትፈልጊ አንዲት ፊደል ጨምሪ፤
ሰረዝ ኤ። ከነሞቱት ቁጠሪ።"

ጨመርኩ።
ስክሪኑ እንደ ደፈረሰ ጎርፍ ወረደ፤
ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት። ስንቱ ለካ ሳንቀብረው ሄደ!
ስም ያላወጣንለትን ማሽኑ ራሱ አጥምቆ፣
ቅጽል ከሊቅ ስም ጋር በሰረዝ አጣብቆ፦
ቁጡው ፈላስፋ፣ እንቅልፋሙ ሐኪም፤
ይህን ሁሉ ስም አንብቦ ሟቹን የሚለይ የለም።

ወንፊት አለ ግን።
"ሁኔታ፦ የወጣ" ብዬ ነፋሁ፤
ሦስት መቶ ሃምሳ አንድ ቀረ። ምኑን አበጠርኩት!
መውጫቸው ዜሮ የሆነውን ተውኳቸው፤
ሥራቸውን ጨርሰው፣ መብራት አጥፍተው፣ በር ገጥመው የሄዱ ናቸው።
መቶ ሠላሳ ሰባት የሚል ፈለግኩ፣ ተገድሎ የወጣ፣
ሜሞሪ ሲጠብ፣ ለሌላው ሲባል፣ በእሱ ላይ ዕጣ የወጣ።
ሃያ ዘጠኝ።
ከዚያ በመለያው፤ አንተ ሰው ሁሉ እየሳቀብህ
በየሣጥኑ በምትለጥፋት ቁራጭ፦ "አገልግሎት፦ ሚዛን"።
አንድ።

ከሞተ ገና አርባ ደቂቃው።
የመጨረሻ ቃሉን ከመዝገቡ አነበብኩት፤
"ሰርዲን፣ ሃያ ሁለት ኪ" ይላል።
"ሎ" ሳይል ነው የታነቀው።
ቦታ አሰፋሁለትና ቀሰቀስኩት።
ዜፈሪኖ ሊያመሰግን ቀርቶ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋ፤
ከመዝጋቱ በፊት ግን ሰማሁ፣ ሲጮህ የዓሣ ዋጋ።

ሊነጋ ሲል መጥረጊያ አነሳሁ። ደንቡ ያዛል፤
ዲስኩ ሞልቷል፣ የሞተ ሁሉ በአንድ ቃል ይጠረጋል።
"የማይመለስ ነው" አለኝ ማሽኑ፣ "እርግጠኛ ነሽ?"
ጣቴ ወደ ፊደሏ ሄዶ አየር ላይ ቀረ።
ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ከሁሉም በታች፣
መለያው የአንተ፣ ስሙ "ለዴኦሊንዳ" የሆነ አንድ ሣጥን ነበረ፤
ያን ሳምንት ለማስተማሪያ የሠራኸው፣
አንዴ ተነስቶ አንድ መስመር ብቻ ጽፎ የተኛው።

"አይ" አልኩት ማሽኑን።
ለዲስኩ የሚጠይቁኝን ነገ እመልሳለሁ።
መዝገቡን ከፈትኩ። "ደህና አደርሽ?" ይላል።
ከስድስት ዓመት በፊት ወጥቷል። መውጫ፦ ዜሮ።